«ለስላሳ» ብዬ የጻፍኩበት ወረቀት

ባንጎን አልወደውም። ባንጎ ሻጩን ግን ከባንጎውም አብልጬ እጠላለሁ። ባንጎ ሱዳኖች ሐሺሽን የሚጠሩበት ስም ነው፤ እኛም ከእነሱ ወሰድነው። ሰውየው በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ከሱዳኗ ገላባት ድንበሩን በእግሩ እየተሻገረ የእርሻ ካምፖችን ይዞር ነበር። እኔ ያኔ ከኮኪት ወዲያ ባለ እርሻ የመጋዘን ዘበኛ ነበርኩ። ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት ላይ ያበቃ ነው። ቢሆንም በዚያ ካምፕ እንደኔ ፊደል ቀጥ አድርጎ የሚጽፍ አልነበረም።

ታዲያ ሻጩ አንድ ጠዋት መጣና የመጋዘኑ በር ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ሁለት ዓይነት ባንጎ ዘረገፈ።

«አባባ፣ ስም ይጻፉልኝ። ይኼኛው ላይ ወንዴ፣ ይኼኛው ላይ ሴቴ።»

«ስሙ ምን ያደርግልሃል?»

«ሰዉ የቱ የቱ ነው እያለ ይጠይቀኛል። መለፍለፍ ሰለቸኝ።»

መጻፍ አልነበረብኝም። ግን ጻፍልኝ የሚለኝ ሰው ሲመጣ ደስ ይለኝ ነበር፤ ያጠፋኝም ይኸው ነው። ይባስ ብዬ ያልታዘዝኩትን ጨመርኩ። በእኛ አገር ቅጠላ ቅጠል ሁሉ ወንዴና ሴቴ አለው ይባላል፤ ወንዴው ኃይለኛ ነው፣ ሴቴዋ ለሕፃንም ትሰጣለች። እናም «ሴቴ» ካልኩት ሥር «ለስላሳ» ብዬ አሰፈርኩ። ሻጩ ማንበብ አይችልም፤ ምን እንደጨመርኩም አልጠየቀኝ።

ከጎጃም ከወንድሙ ጋር የመጣ አንድ አጫጅ ነበር። ሲያጎነብስ የሚውል ወገቡ መቀመጫ መተኛ ነስቶታል። ፊደል ይቆጥር ነበርና «ለስላሳ» የሚለውን አነበበ፣ አመነ፣ ለወገቡ ብሎ ገዛ። በወተት አፍልቶ ጠጣው። ምንም ስላልተሰማው ደገመ። ረፋዱ ላይ፣ ማጭዱን እንደያዘ፣ ነዶው እየተራመደ ነው አለ። ቀጥሎ ወንድሙን ሊገድለኝ መጣ ብሎ ሰነዘረበት። ማጭዱ እጅጌውን ቀዶ አለፈ። አጫጆቹ ጥለው ጠፈሩት፤ የመታውም አለ።

በትራክተር ተሳቢ ጭነን ኮኪት ጤና ጣቢያ አደረስነው። ልቡ ሲዘል በሸሚዙ ላይ ይታያል። ወንድሙ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«አእምሮው ካልተመለሰ ለእናቴ ምን ብዬ ይዤው እገባለሁ?»

ነርሷ የበሽተኛውን ኪስ ፈትሻ ወረቀቱን አወጣች። «ሴቴ፣ ለስላሳ» ብላ አነበበች። «ማነው ይኼን የጻፈ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንቱ ሽማግሌ አይደሉም? ለስላሳ ናት ብሎ ማን ነገረዎት?»

«ሴቴ መድኃኒት እኮ...»

«ይኼ መድኃኒት አይደለም። ናላ የሚያዞረው ነገር ያለው የሴቴዋ አበባ ላይ በሚጣበቀው ሙጫ ውስጥ ነው። ወንዴው ሙጫ የለውም ቢባል ይቀላል። አንቱ ገልብጠው ጻፉት።»

ወንድሙ በወተት አፍልቶ እንደጠጣው፣ እንደደገመም ነገራት። እሷ ገና አልጨረሰችም። ጥሬውን ቢያኝከው ይኼን ያህል ባላደረገው፣ እሳት ነው የሚቀሰቅሰው፤ የወተቱ ቅባት ደግሞ ሙጫውን ይስባል አለች። በሆድ የገባ ቶሎ አይሰማም፤ ጉበት ውስጥ አልፎ፣ ብሶበት ነው የሚመጣ። እሱ አልሠራም ብሎ በላዩ ላይ ጨመረበት። ይኼን ሁሉ የተናገረችው በሽተኛውን እያገላበጠች፣ ፊቴን ሳታይ ነው። ከዚያ ከመደርደሪያው የክኒን ዕቃ አንስታ እጄ ላይ ወረወረችው።

«ያንብቡ። አንዱ ክኒን ስንት ሚሊግራም እንደሆነ ተጽፏል፤ ተመዝኖ ነው የተጻፈው። አንቱ ምን መዘኑ?»

«ምንም።»

ወንድሙ ጥግ ቆሞ ይሰማ ነበር።

በማግስቱ ሻጩ ካምፑ መጥቶ፣ «ወንዴና ሴቴ ይበሉልኝ አልኩ እንጂ ለስላሳ ይበሉልኝ አላልኩም» ብሎ ለሁሉም አወራ። እውነቱን ነው፤ ለዚህም ጭምር ጠላሁት። እሱ መርዙን ሸጦ በእኔ ፊደል ታጠበ። የአጫጆቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ባየኝ ቁጥር «ሐኪሙ፣ ዛሬስ ምን መድኃኒት ታዝዝልናለህ?» ይላል፤ አጫጆቹ ይስቃሉ። ሲስቁም ማንም ዓይኔን አያየኝም።

በሦስተኛው ቀን የአጫጁ አእምሮ ተመለሰ። ወንድማማቾቹ ግን አጨዳው ሳያልቅ ዕቃቸውን ሸክፈው ወደ ሸሕዲ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ወጡ። ሮጬ ደረስኩና የመኪናውን ጠርዝ ያዝኩ።

«ይቅር በሉኝ ልጆቼ» አልኩ።

«አንተ» አለኝ ወንድሙ። እስከዚያ ቀን አባባ፣ አንቱ ነበር የሚለኝ። «አንተ፣ ልጆቼ አትበለን። ማጭድ ሲያይ እጁ ይንቀጠቀጣል። ከእንግዲህ በምን ሥራ ይኑር?»

ታማሚው ራሱ ነጠላውን ተከናንቦ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ሞተሩ ሲነሳ እጄ አሁንም ጠርዙ ላይ ነበር። ወንድሙ በጫማው ጫፍ ገፍቶ አስለቀቀኝ።