ጋሼ የኮረብታ ስም ሲያነቡ

አጎቴ ጋሼ በንጉሡ ዘመን ነቀምቴ በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ተቀምጠው የገጠሩን ኮረብታና ወንዝ ስም ከነምክንያቱ ይመዘግቡ ነበር። አንድ ልማድ ነበራቸው፤ የጻፉትን ስም ለአገሬው ሰው ጮክ ብለው ያነቡና ፊቱን ያያሉ። ሰውየው ወደ ኮረብታው ዞር ካላለ ይሰርዙታል።

አስተማሪ በሆንኩበት ዓመት አብሬያቸው ጉቶ ጊዳ ወረድኩ። ጋሼ ከተማ ውስጥ ሰዎች የነገሯቸውን የአንድ ኮረብታ ስም ለአንድ ሽማግሌ አነበቡላቸው። ሽማግሌው ለይሉኝታ «ይሁን» አሉ እንጂ ንቅንቅ አላሉም። እኔ ዝናቡ ሳይመጣ እንሂድ እያልኩ ስነጫነጭ፣ ጋሼ ስሙን ሰርዘው ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። «አካም ጅርቱ?» ብለው ሰላምታውን እንደ አዲስ ጀመሩት። ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ በቆሎው ጠየቁ። ብዙ ከተጫወቱ በኋላ ነው፣ «ኦቦ፣ እናንተስ ምን ትሉታላችሁ?» ያሉት።

«ቱሉ ጋዲሳ» አሉ ሽማግሌው፤ የጥላ ኮረብታ እንደማለት ነው። «ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከብቶቻችን የሚያርፉት በሱ ጥላ ነዋ!»

ጋሼ ጽፈው ሲያነቡት ሽማግሌው ሰው የጠራቸው ይመስል ወደ ኮረብታው ዞር አሉ።

«አየሽ? አሁን ገና ስሙን አገኘነው» አሉኝ ጋሼ።

ሰውን ሳልቸኩል ማዳመጥ የተማርኩት ያን ቀን ነው። እስከ ዛሬ ተማሪዎቼን የማስተምረው በዚያ ትዕግሥት ነው፤ እግዜር ውለታቸውን ይክፈልልኝ።

የአርባቸው ዕለት አንዲት ጎረቤታችን ስማቸውን ጠርታ ደግነታቸውን ማውራት ጀመረች። ቤት ሙሉ ሰው፣ አንድም ሳይቀር፣ በሩ አጠገብ ወዳለው ባዶ ወንበራቸው ዞር አልን።