በእህቱ ምትክ

ዛሬ ጠዋት የጎረቤቴ ልጅ ሙሽራ ሊያመጣ እህቱን አስከትሎ በደጄ አለፈ። ልጅቱ ቅባት ተቀብታ፣ ጨሌ አጥልቃ፣ አንገቷን ደፍታ ነበር። ሴቶቹ እልል ሲሉ እኔ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በእኛ በጉሙዞች ዘንድ ሚስት የሚሻ ሰው እህቱን ይሰጣል፤ ከብትም ብርም አይተካትም። አንደኛዋ ከባሏ ቤት ኮብልላ ከቀረች፣ ሌላይቱም ወደ ወገኖቿ ትመለሳለች። እኔም መንገዱ በባሪያ ፈንጋይ በሚፈራበት በዚያ ዘመን፣ ለወንድሜ ሚስት እንድትገኝለት ተብሎ የበለስን ወንዝ ተሻግሬ ተዳርሁ። ሲወስዱኝ አልቅሻለሁ። ባሌ ግን ዝምተኛና ደግ ሰው ሆነና ክረምቱ ሳይወጣ ለመድሁት፤ ለመድሁት ስል ወደድሁት ማለቴ ነው። ከእርሻ ሲገባ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ሳቀርብለት፣ "አንቺስ በላሽ?" ይለኝ ነበር። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ወንድ ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያ በኋላም እንጃ።

ማሽላው ሲታጨድ፣ በእኔ ምትክ ለወንድሜ የተሰጠችው የባሌ እህት ከቤቱ ሸሽታ መጣች። ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ "ትመለስ፤ አለዚያ ያቺኛዋም ትሂድ" አሉ። ባሌ እህቱን ማስገደድ አልሆነለትም።

"አንቺ ለምኛት" አለኝ። "ሴት ለሴት ትሰማለች።"

ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ተከተልኋት። ገና ሳልናገር፣ "የመጣሽበትን አውቃለሁ" አለች። "ወንድሜን ወደሽዋል። ሂጂ ካልሽኝ፣ ላንቺ ስል እሄዳለሁ።"

ይህን ብላ ቅሏን ልታነሳ ስትል ግራ እጇ አልታዘዝ አላት። ክንዷ ተሰብሮ ጠማማ ሆኖ ገጥሞ ነበር።

"ማን ነው?" አልኋት።

"ማን ይሆናል፤ ያንቺ ወንድም ነው እንጂ።"

በልጅነቴ በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገኝ ወንድሜ! ቅሏን ተቀብዬ ውሃውን ቀዳሁላት።

"ተይው፤ እዚሁ ሁኚ" አልኋት።

በማግስቱ ወንድሜ መጥቶ ወሰደኝ። ባሌ እስከ መሻገሪያው ሸኝቶኝ ቆመ። አንድ ጊዜ ዘወር ብዬ አየሁት፤ ሁለተኛ አልዞርሁም።

ለሌላ ሰው ተሰጠሁ፤ ወለድሁ፤ አያትም ሆንሁ። ቤቴ በሰው ሞልቶ እኔ ብቻዬን ነኝ። እሷን ባለመለመኔ አልጸጸትም፤ ያ ቀን ቢመለስ ዛሬም ያንኑ እላታለሁ። የፊተኛው ባሌ ግን በዚህ በጋ መሞቱን ሰማሁ። ለቅሶ ልሄድ ተነሳሁና፣ "ምኑ ነሽ?" ቢሉኝ የምመልሰው አጣሁ። ተመልሼ ተቀመጥሁ።