ወደ ምዕራብ የዞረው ሚህራብ

ፍኖተ ሰላም፣ ጠዋት

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከመናኸሪያው ተነሣሁ። የምሄደው ከቡሬ ወጣ ብሎ የሚገኝ አንድ አሮጌ ትንሽ መስጊድ ለመለካት ነው። ምእመናኑ የምዕራቡን ግድግዳ አፍርሰው መስጊዱን ሊያሰፉ አስበዋል፤ ይፍረስ ወይስ ይቆይ የሚለው የሚወሰነው በእኔ፣ በመሐንዲሱ፣ ሪፖርት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ "ይፍረስ" የሚለውን ልቤ ውስጥ ጨርሼ ነበር የወጣሁት።

ቡሬ እስክንደርስ በየደጃፉ የተሰጣው በርበሬ ሚኒባሱን ሙሉ አስነጠሰው። እዚያ ፍርፍር በልቼ ባጃጅ ያዝኩ፤ መንገዱ ሲበላሽ ባለባጃጁ "ከዚህ ወዲያ በእግርህ ነው" ብሎ አወረደኝ። በበቆሎ ማሳ መሀል ለመሀል ሄድኩ። ፍሬው ተለቅሞ አገዳው ብቻ ቆሟል፤ ነፋስ ሳይኖር ይንኮሻኮሻል። ሁለቴ ዞር ብዬ አየሁ፤ ማንም የለም።

ረፋድ አምስት ሰዓት

መስጊዱ ከጎጆ ብዙም አይበልጥም። ጠባቂው ሼህ አደም በሩን ሲከፍቱልኝ ግን አፌን ያዝኩ። ተማሪ ሳለሁ በፎቶግራፍ ያየኋቸው፣ በሙጋል ነገሥታት ዘመን የተሠሩት የህንድ መስጊዶች ትዝ አሉኝ። ቅስቶቹ ጠርዛቸው እንደ አበባ ቅጠል ተከርክሟል፤ በኖራው ልስን ላይ በቀይ አፈር ማሰሮዎች ተስለዋል፤ ከየማሰሮው ቀጫጭን አበቦች ይወጣሉ። ከሁሉም ያጌጠው ሚህራቡ ነው፤ የስግደቱን አቅጣጫ የሚያሳየው ጎድጓዳ ቦታ። ኮምፓሴን አወጣሁ። መካ ከዚህ ወደ ሰሜን ነው፤ ሚህራቡ ግን ሊፈርስ በታሰበው ግድግዳ ላይ ወደ ምዕራብ ዞሯል።

"ሼህ፣ ይሄ ተሳስቷል እኮ።"

"እናውቃለን ልጄ። የሠራው ህንዳዊ ነው ይሉናል አባቶቻችን። በሱ አገር መካ በስተምዕራብ ነው አሉ። እጁ የለመደውን ሠራ።"

"እና እናንተ?"

"እኛማ ወደ ሰሜን ነው የምንሰግድ።"

እውነትም ምንጣፎቹ ወደ ሰሜን ተዘርግተዋል። አንዲት ብቻ፣ ሚህራቡ ፊት፣ ወደ ምዕራብ ተነጥፋለች።

"ይቺስ የማን ናት?"

"የሱ፣ የሠሪው ናት። ሰው አናስረግጣትም።"

ገበያ ስለወጣ ጎረቤት የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት።

ሜትሬን ይዤ ሚህራቡ ውስጥ ገባሁና ለራሴ "አንድ ሜትር ከሃያ" አልኩ። ከጀርባዬ፣ ከምንጣፏ በኩል፣ ሰው በሹክሹክታ "አንድ ሜትር ከሃያ" አለ። ዞርኩ፤ ባዶ ናት። ቅስት ድምፅ ይመልሳል ብዬ ራሴን አረጋጋሁ። ዝም ካልኩ ቆይቶ ግን ሌላ ቃል ሰማሁ፤ አማርኛም ዐረብኛም አይደለም። ፀጉሬ ቆመ፤ ፈራሁ።

"ሰሙ?" አልኳቸው።

"የአገሩን ስም ይሆናል የሚጠራው እንላለን። የሚያውቀው የለም።" ሼሁ ዓይናቸውን ከምንጣፏ አልነቀሉም። "አንተ ይፍረስ ካልክ ይፈርሳል ልጄ። እሱ ወዴት ሊዞር ነው? የጨነቀኝ እሱ ነው እንጂ የኖራው ጉዳይ አይዶለም።"

ሜትሬን ጠቅልዬ፣ ምንጣፏን ሳልረግጥ ወጣሁ።

ፍኖተ ሰላም፣ ማታ

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ቅጹን አወጣሁ። ብዙ ግድግዳ ለክቻለሁ፤ ስህተት ብዬ የሰረዝኩት ነገር የአንድ ሰው አገር ሊሆን እንደሚችል ግን አስቤ አላውቅም ነበር፤ አፈርኩ። "ጉድለት" በሚለው ሥር፣ ሚህራቡ ወደ ምዕራብ ዞሯል አልኩ። "መንስኤ" በሚለው፣ ናፍቆት። "የመፍትሔ ሐሳብ" በሚለው ሥር እንዲህ ብዬ ፈረምኩ፦ በምሥራቅ በኩል ይስፋ፤ ምዕራቡ ሰው አለበት።