ወይራ የታጠነችው ጀልባ

ድልድይ ሊሠሩልን መጥተው ጀልባ ትተውልን ሄዱ። ነገሩ ይኸው ነው። ስማዳ ቆላው ላይ ባደግሁበት ቀበሌና በወረዳው ከተማ በወገዳ መካከል አንድ ወንዝ አለ፤ በጋ ሕፃን ይራመደዋል፣ ክረምት በሬ ይወስዳል። ሠራተኞቹ ከዳር እስከ ዳር የሽቦ ገመድ ወጥረው፣ በሰፊ የእንጨት ጀልባ ሲሚንቶና ድንጋይ እያሻገሩ ሁለት ዓምድ አቆሙ። ከዚያ ሥራው ቆመ ተባለ። ለምን እንደቆመ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። ዓምዶቹ የአሞራ መቀመጫ ሆኑ፤ ጀልባዋን ግን ማን ተሸክሟት ይሄዳል! በእሷ እህል፣ በግ፣ ሙሽራ፣ አስከሬንም ሳይቀር ስንሻገር ኖርን።

አባቴ የድልድዩ የቀን ሠራተኛ ስለነበሩ ጠባቂዋ ሆነው ቀሩ። በጋውን ዳር አውጥተው ይደፏታል፤ ግንቦት ላይ ሬንጅ አቅልጠው ይቀቧታል። እናቴ "እኔን አንድ ቀን እንዲህ አድርጎ ቅቤ ቀብቶኝ አያውቅም" እያለች ትስቅባቸው ነበር። እሳቸው መቀባታቸውን ይቀጥላሉ።

እኔ ያኔ ከባለቤቴ ጋር እስቴ እየኖርኩ አስተምር ነበር። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ይወለዳል፤ ወጉ ነውና ሆዴን ተሸክሜ በግንቦት ወረድኩ። ለወግ ብዬ! አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ወገዳ ስደርስ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሆዴን ዳብሳ "ልጁ ተጋድሟል፤ ካልዞረ በምጥ አይወለድም፣ አንቺንም ይዞሽ ይሄዳል። ቀንሽ ሳይደርስ ተመለሽ" አለችኝ። ለአባቴ ነገርኳቸው። "ሰኔ ሳይጋመስ ራሴ አሻግርሻለሁ፤ አይዞሽ" አሉ።

ሰኔ ገባ፤ ወንዙም ሞላ። አባቴ ጀልባዋን ሊያነሱ ቢሄዱ እንጨቷ ውስጥ ምስጥ ገብቶባታል። "ልጄን ምስጥ በበላው እንጨት አላሻግርም፣ መጀመሪያ ከምስጡ ይጥራ" አሉ።

እንግዲህ በእኛ አገር ተባይ የገባበት፣ ሽታ የያዘው ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ጭስ ነው። ንብ እንዲገባበት ቀፎው ይታጠናል፤ ጠላ ሊጠመቅ ጋኑ ይታጠናል፤ የወተቱ ቅል ይታጠናል። የደብራችን መሪጌታ እንኳ ወርደው አይተው "ወይራ ይጨስባት፣ ምስጥ የወይራ ጭስ አይችልም" አሉ። ሁሉም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሁሉ ሽማግሌ መካከል "ቀፎ እኮ ሬንጅ አይቀባም" ያለ አንድ ሰው ይጥፋ? እኔማ ቤት ተጋድሜያለሁ፤ ማን ሊጠይቀኝ!

አባቴ ጥንቁቅ ናቸው። ነበልባል እንዳይነሳ ብለው ኩበት አጫጭሰው፣ እርጥብ ወይራ ጭነውበት፣ ከተደፋችው ጀልባ ሥር አስገቡትና ዙሪያዋን በጭቃ መረጉ። ነጩ ጭስ በየስንጥቁ ሲወጣ ሰዉ ደስ አለው። ለካ ከውስጥ ሬንጁ እየቀለጠ ኩበቱ ላይ ይንጠባጠባል። የቀትር ንፋስ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ የጭቃውን ምርጊት በአንድ ጎን ሲያፈርሰው፣ ከዚያ ወዲያ ማን ይያዘው!

እኔ ከደጃፍ ሆኜ ጭሱ ጥቁር ሲሆን አየሁ። የወይራ ጭስ ጥቁር አይደለም። ወዲያው የአባቴ ድምፅ "ኧረ የሰው ያለህ!" ሲል ተሰማ። ጎረቤት በእንስራም በጀሪካንም ውሃ ቢደፋባት ሬንጅ መች ውሃ ይሰማል። አባቴ ጠርዟን ይዘው ወደ ወንዙ ሊገለብጧት ሲታገሉ በግድ ጎትተው አወጧቸው። ያ ሁሉ ውሃ አጠገቧ እየሄደ ጀልባችን ነድዳ አለቀች።

ምጤ በማግስቱ ጠዋት መጣ። ሴቶቹ "ማርያም ማርያም" እያሉ ከበቡኝ። እኔ ግን የነርሷ ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር። "እዚህ አልወልድም፣ አሻግሩኝ!" ብዬ ጮህኩ። ዋና የሚችሉ ጎረምሶች ባዶ ጀሪካን ቃሬዛ ሥር አሰሩ፤ ቃሬዛውን በሽቦው ገመድ ላይ አንጠልጥለው በውሃው ላይ ሊስቡኝ ነው። አባቴ አንዱን ጫፍ ሊይዙ እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት።

መሐል ላይ አንድ ጀሪካን ተበጥሶ ሄደ። ቃሬዛው በአንድ ጎን ዘመመ፤ ድፍርሱ ውሃ እስከ አንገቴ ደረሰ። ምጡ መጣብኝ፣ ውሃው መጣብኝ። "ብትለቁኝ በሰማይ ቤት እከሳችኋለሁ፣ ሰማችሁ!" አልኳቸው። አንደኛው ጥርሱ እየተንገጫገጨ "ኧረ እቴ፣ መጀመሪያ እኛ እንትረፍ" አለኝ። አልሳቅሁም። ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ስገልጠው ማዶ ነበርኩ።

ወገዳ ስንደርስ ነርሷ ጆሮዋን ሆዴ ላይ ለጥፋ ቆየችና "የልጁ ልብ ደክሟል" አለች። መኪና ተለምኖ ወደ ሆስፒታል ጫኑኝ። ጎረምሶቹ ያን ቃል ይዘው ወደ አባቴ ተመለሱ። በዚያው ሳምንት ወንዙ የሽቦውን ገመድ ሳይቀር ጠርጎ ወሰደው። ስልክ በቆላው የለም። ሆዴ ተቀዶ ሴት ልጅ ተገላገልኩ፤ ሁለታችንም ተረፍን። ሰው ብልክ ወንዙ ዳር ደርሶ፣ ጮሆ ጮሆ፣ ድምፁን ውሃው በልቶበት ተመለሰ። ክረምቱ በሙሉ እንዲያ አለፈ።

ጥቅምት ላይ ውሃው ሲጎድል ልጄን አቅፌ ወረድኩ። ማዶ አባቴና እናቴ ቆመዋል። እጄን አወዛወዝኩ፤ አባቴ አልተንቀሳቀሱም። ተቀየሙኝ እንዴ አልኩ። የሆነውን እናቴ ናት በኋላ የነገረችኝ። የአባቴን ዓይን እሳቱ ጎድቶት ኖሯል፤ ማዶ የቆመ ሰው መኖሩን እንጂ ሌላ አይለዩም። ፊታቸውን ወደ እናቴ ሳያዞሩ "ስንት ናቸው?" አሏት።

"ሁለት ናቸው" አለቻቸው።

አባቴ ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ።