ስምንት እርምጃ ሳር

ዓርብ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ አየር ጤና መናኸሪያ

ተራ አስከባሪው «ወልቂጤ አንድ ሰው! ወልቂጤ አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል። አምኜው ሮጬ ገባሁ። አባዱላው ውስጥ ያለነው እኔን ጨምሮ አራት ነን። አንድ ሰው የተባለው የታለ ብዬ ብጠይቀው ቀና ብሎም አላየኝ። ሞልተን ስንነሳ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር፤ የሌሊት እንቅልፌን በከንቱ ሰዋሁት።

ማመልከቻ መጻፍ እንጀራዬ ነው። አዲስ አበባ ፍርድ ቤት በር አጠገብ ጃንጥላ ዘርግቼ፣ የሰውን ብሶት በአንድ ገጽ አሳምሬ አወጣለሁ። ለራሴ ቤት ግን ጽፌ አላውቅም ነበር። ዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ መምህር አድማሱ ወልቂጤ ከተማ ዳር፣ እኔም ተወልጄ ባደግሁበት መንገድ ላይ ይኖራል። ማዘጋጃ ቤቱ ይህን መንገድ ኮብልስቶን ሊያነጥፍ ነው። ቀያሹ መጥቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ የአጥሩን መስመር በገመድ ሲዘረጋ፣ የአባቴ የማስጠኛ ክፍል ስምንት እርምጃ ወደ መንገዱ ወጥታ ተገኘች። ግድግዳዋ ላይ ቀይ ምልክት ተደረገባት። አባቴ በስልክ ሲነግረኝ «እሷ ከፈረሰች እኔም ፈረስኩ» አለኝ። አባቴ እንዲህ የሚል ሰው አይደለም።

የሰፈሩ ሰው ግን አልጨከነበትም። መንገዱ እዚያ ጋ ትንሽ ይታጠፍ፣ ክፍሏ ትዳን ብለው ቀያሹን ለመኑት። እሱም ከፊት ለፊት ያለችው ባለቦታ በጽሑፍ ከተስማማች ይታጠፋል፣ ቅዳሜ ስብሰባ ላይ አቅርቡልኝ አለ። እንግዲህ የእኔ ሥራ ያንን ፊርማ ማግኘት ነው።

ዓርብ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል፤ ወሊሶ

ከአለም ገና ወዲህ ያለው መሬት ጥቁር ነው። ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፤ ነፋስ ሲነካው ይተኛል፣ ይነሳል። ተጂን፣ ቱሉ ቦሎን አለፍን። ሾፌሩ ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ በአንድ እጁ ይነዳል፤ አንዲት ሴትዮ በሁለት እጅህ ንዳ እንጂ ብትለው፣ አንዱ እጅ ለመኪናው ሌላው ለሆዴ ነው ብሎ አሳቀን።

ወሊሶ ለቁርስ ቆመን ጾም ስለሆነ ሽሮ በላሁ። ከጎኔ የተቀመጡ የአገና ነጋዴ ወልቂጤ የት ሰፈር ነሽ ብለው ጠየቁኝ። ጀፎረው ጋ ስላቸው ፊታቸው በራ።

ጀፎረ ማለት የጉራጌ መንደር መሐል ለመሐል የሚያልፍ ሰፊ የሳር መንገድ ነው። ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ፊት ለፊት ይተያያሉ። ሙሽራ የሚመጣበት፣ አስከሬን የሚወጣበት፣ ደመራ የሚደመርበት፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት እሱ ነው። ከአጥሩ ክንድ ታህል ወደ ሳሩ የገፋ ሰው በሽማግሌ ይዳኛል። ሰውዬው እነእምድብር፣ እነአገና አካባቢ ያለውን እያደነቁ፣ ከተማ ውስጥ መትረፉ ግን ተአምር ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የእኛው በፊት የገጠር መንደር ነበር። ከተማው እያደገ መጥቶ ሲከበው ሳር ቤቱ ቆርቆሮ ሆነ፣ መብራት ገባ፣ ባጃጅ ገባ፤ ሳሩንና ስፋቱን ግን ማንም አልነካውም አልኳቸው።

ማንም ስል ድምፄ ውስጥ ኩራት ሰማሁ። ቀያሹ ገመድ የዘረጋበትን ቤት ረስቼ ማለት ነው!

ዓርብ፣ አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል፤ ወልቂጤ

ከመናኸሪያው ባጃጅ ያዝኩ። ፀሐዩ ያቃጥላል። ጫት ተራውን፣ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቆቹን፣ ጀበናና ጀሪካን የደረደሩትን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ በድንገት ሳር ሆነ፣ ጸጥታም ሆነ። ሁለት ላሞች መሐል መንገድ ላይ ተኝተዋል፤ ባለባጃጁ ጡሩምባ ሳይነፋ ዞሮ አለፋቸው። ቀያሹ የተከላቸው ካስማዎች በሁለቱም ወገን ቆመዋል፣ ነጭ ገመድ ታስሮባቸዋል።

ገመዱ የእኛን ክፍል ሆዷን ቀዶ ያልፋል። ፊት ለፊት ግን፣ በባለቦታዋ በእትዬ ዘይነባ አጥርና በገመዱ መሐል፣ ልክ የዚያኑ ያህል ባዶ ሳር ተርፏል። ልጅ ሆነን ገመድ የምንዘልበት ቦታ ነው። እንግዲህ ምን ችግር አለ? መንገዱ ወደዚያ ቢታጠፍ ስፋቱ አይጎድል፣ ባዶ ሳር ማንን ይጎዳል? ማመልከቻዬ ላይ የጻፍኩትም ይህንኑ ነው፣ «ጥቅም የማይሰጥ ክፍት ቦታ» ብዬ። ሲነበብ ያምራል።

አባቴን ክፍሏ ውስጥ አገኘሁት። ሰባት አግዳሚ፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳ፣ መስኮቱ ላይ የጠመኔ ጣሳ። ከጎጃም በመምህርነት ተመድቦ ከመጣ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኔ ገና ስድህ ነው ይችን በገዛ እጁ ጭቃ ለጥፎ የሠራት፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከትምህርት ቤት መልስ በነጻ ሲያጠና ያደገባት ናት። ዛሬ ጋቢውን ተከናንቦ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ከስቷል። ሳመኝና ማመልከቻውን ተቀብሎ አነበበው። ሁለት የፊደል ስሕተት አረመልኝና መለሰልኝ።

ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፤ ፊት ለፊት

የእትዬ ዘይነባ ባል አቶ ነስሩ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። አሁን ከልጃቸው ከፈቲያ ጋር ይኖራሉ። ፈቲያ ጂዳ ቆይታ መጥታ ልብስ ስፌት ይዛለች። የስፌት መኪናዋ የቆመው በእናቷ አልጋና በግድግዳው መሐል ነው። እግሯን ለመዘርጋት አልጋውን መግፋት አለባት። ደንበኛ ሲመጣ ልኬት የምትወስደው ደጅ አቁማ ነው። ሱቅ መሥሪያ ቦታ ቢኖረኝ ሁለት ልጅ እቀጥር ነበር አለችኝ፣ እየሳቀች። ከቤታቸው ጀርባ ወዲያው ገደል ነው፤ ማስፋፊያ ቦታ የላቸውም።

አሁን ሳስበው ያኔ አፌን መያዝ ነበረብኝ። እኔ ግን ወረቀቴን አወጣሁ።

እትዬ ዘይነባ ሙሉውን አስነበቡኝ። ጣታቸውን ለቀለም ዘረጉ። ከዚያ ለራሳቸው እንደሚያወሩ፣ «ነስሩ አንድ ጊዜ ሰጥቷቸዋል፤ እኔ ብደግም ምን አለበት» አሉ።

ምን ነው የሰጡት አልኳቸው። ለመናገር አልፈለጉም ነበር። ፈቲያም መኪናዋን አቁማ አየቻቸው፤ እሷም አታውቅም ኖሯል። ተለማምጬ ነው የሰማሁት።

አባቴ ያችን ክፍል ሲሠራ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሰውዬው ከዓባይ ማዶ የመጣ ነው፣ ሳሩን አይቶ ባዶ መሬት መሰለው፣ ማንም አልነገረው። አንዳንዶቹ ይፍረስ አሉ። አቶ ነስሩ ግን እንግዳ ነው፣ ልጆቻችንን ያስተምራል፣ ጣሪያውን አናፈርስም ብለው ተከራከሩ። ጀፎረ ደግሞ አይጠብም። ታዲያ ምን አደረጉ? በማግስቱ የራሳቸውን አጥር ነቅለው ስምንት እርምጃ ወደ ውስጥ አስገቡ። ለመብል የደረሰ እንሰት ከነሥሩ አወጡ። ለአባቴ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ሰፈሩን አስማሉት። ሰፈሩም አርባ ዓመት ዝም አለ።

«መምህር እንዳይሰሙ» አሉኝ እትዬ ዘይነባ፣ ጣታቸው አሁንም እንደተዘረጋ። «ልባቸው ደካማ ነው።»

ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ ይላል ያገሬ ሰው። «ጥቅም የማይሰጥ ክፍት ቦታ» ብዬ የጻፍኩበትን ወረቀት አጣጥፌ ጡቴ ሥር ሸጎጥኩት። ስወጣ የቤታቸው ደፍ አደናቀፈኝ። እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፤ ቤት

ላልነግረው ወስኜ ነበር። አባቴ ሻዩን እየጠጣ ዘይነባ ፈረመች ወይ አለኝ። ልትፈርም ነው አልኩት። ምን አለች? ምንም። ብርጭቆውን አስቀምጦ እንደ ፈተና ወረቀት አየኝ። ሰውን ሁሉ ዋሽቼ አውቃለሁ፣ ሥራዬም ነው፤ እሱን ግን አልቻልኩም። ዘረገፍኩት።

ጫማውን አድርጎ ወጣ። ከክፍሏ ጥግ ተነስቶ እስከ ገመዱ ተራመደ። ጀፎረውን አቋርጦ ማዶ ካለው ገመድ እስከ እትዬ ዘይነባ አጥር ተራመደ። እዚያ አጥሩን ይዞ ረጅም ጊዜ ቆመ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል።

«አጥሩን ያስገባሁት ለፍየል መዋያ ነው ብሎኝ ነበር» አለኝ። «ነስሩ ፍየል ኖሮት አያውቅም።»

ከዚያ ተቆጣ፣ በሽማግሌዎቹ ላይ፣ በራሱ ላይ፣ በእኔ ወረቀት ላይ። አርባ ዓመት አሳፈሩኝ አለ። እያበሉኝ፣ እያከበሩኝ፣ ለቅሶ እያስቀመጡኝ፣ ለካ የሰፈሩ ሰው አልነበርኩም፤ እንግዳ ነበርኩ አለ። ላባብለው ብዬ ይቅርታ ጠይቅና ያልፋል ስለው ጭራሽ ባሰበት።

ቅዳሜ፣ አራት ሰዓት፤ ዝግባው ሥር

ስብሰባው ጀፎረው ጫፍ ካለው ዝግባ ሥር ነው። ሠላሳ የሚሆን ሰው መጥቷል። ሰብሳቢው አቶ ደምሴ ናቸው፣ አናጺ፣ ሽበታም። ልጅ ሳሉ በዚያችው ክፍል ክፍልፋይ አልገባኝ ብሏቸው ያለቀሱ ሰው ናቸው፤ አባቴ ዛሬም ያነሳባቸዋል። የእትዬ ዘይነባን ስምምነት እንዳቀርብ ጠሩኝ። አባቴ ቀድሞኝ ተነሳ።

ጀፎረ ገፍቻለሁ፣ በአገሩ ሕግ ዳኙኝ አለ።

ሰዉ እርስ በርስ ተያየ። ሚስጥሩ መውጣቱ ገባው። አቶ ደምሴ ደንግጠው፣ ያ ያለፈ ነው፣ ሰፈሩ ይቅር ብሏል፣ ይቀመጡ አሉት። አባቴ አልተቀመጠም።

«ይቅርታ አልጠየቅኩም። ይቅር የሚባለው እንግዳ ነው። ጫሚሶ አጥሩን ሲገፋ ይቅር አላላችሁትም፤ ዳኝታችሁታል። እኔንም ዳኙኝ።»

ጫሚሶ የተባለው ከኋላ ተቀምጦ ነበር፤ እውነት ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሽማግሌዎቹ ገለል ብለው በጉራጊኛ ተማከሩ። ብዙ ቆዩ። እትዬ ዘይነባ ከሴቶቹ መሐል ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። አባቴ ብቻ ቀጥ ብሎ እንደ ሰልፍ ቆሟል።

ተመልሰው መጡ። አቶ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ወደ መሬት እያዩ አጉተመተሙ።

«ድምፅህን ከፍ አድርግ፣ ደምሴ» አለ አባቴ። «ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

አቶ ደምሴ ቀና አሉ። «መምህር፣ አጥፍተዋል» አሉ፣ ዝግባው ሥር ያለው ሁሉ እንዲሰማ።

አባቴ አለቀሰ። ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ ግን እኔ የተመረቅኩ ቀን እንኳ አልነበረም።

ፍርዱ ሦስት ነው። ክፍሏን በራሱ እጅ ያፈርሳል። የነስሩ መሬት ለእትዬ ዘይነባ ይመለሳል፣ አጥሩ ገመዱ ጋ ይደርሳል። ሦስተኛው ቅጣት በግ ነበር፤ ሰፈሩ ክርስቲያንም እስላምም ስለሆነ ማን ይባርከው በሚለው ላይ ከፍርዱ የበለጠ ጭቅጭቅ ተነሳና ግማሽ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ ቆጮ፣ አይብና ጎመን ይሁን ተባለ፣ ለሁሉም፣ ጀፎረው ላይ። እትዬ ዘይነባ ጎመኑን እኔ እሠራለሁ ሲሉ፣ ቅጣት አይካፈሉም ተብለው ተከለከሉ።

እሑድ፣ ሦስት ሰዓት፤ ጀፎረው

ወጣቶቹ ጎህ ሲቀድ ነው የመጡት። እንጨቱና ቆርቆሮው ሳይሰበር ወርዶ እኛ ጓሮ እንዲተከል ተስማሙ፤ አቶ ደምሴ ክፍሏን ከማክሰኞ ጀምሮ መልሰው ሊያቆሟት ነው። ጥቁር ሰሌዳው ለጊዜው የእትዬ ዘይነባ አልጋ ላይ ተኝቷል። ፈቲያ የስፌት ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ፣ ስምንቱን እርምጃ እየረገጠች በርና መስኮት ታሰላለች፤ በሩ ወደ ጀፎረው ነው አለችኝ፣ ገና ያልመጡ ደንበኞች ከዚህ ይገባሉ እያለች። እትዬ ዘይነባ አንድ የእንሰት ችግኝ ይዘው የት እንደሚተክሉት ከልጃቸው ጋር ይከራከራሉ።

ባጃጁ መጣልኝ። አባቴ መሰላል ላይ ነው፣ ሰባ ስምንት ዓመቱ፣ በመዶሻ ጥፍር ሚስማር ይነቅላል። መሰላሉን አራት ሰው ይዞለታል፤ አንዳቸውም ግን መዶሻውን አልተቀበሉትም፤ በራሱ እጅ ነው የተባለው። ልሰናበትህ ውረድ አልኩት።

ሚስማሩን ከአፉ አወጣና ቁልቁል አየኝ።

«አልሸኝሽም ልጄ፣ ቅጣቴ ላይ ነኝ» አለኝ፣ መንደርተኛው ሁሉ እንዲሰማ። «የዚህ ሰፈር ሰው ነኝ እኮ።»