የምስጋናው ገጽ

አባይነሽ አሰላ ከተማ ተማሪ በነበረችበት ጊዜ የትምህርት ቤቱ መጻሕፍት በመስታወት ቁምሳጥን ተቆልፈው ይታዩ ነበር እንጂ አይነኩም። «ጎተራው ሞልቶ ጦም ማደር» ትለዋለች፣ ያን ዘመን ስታነሣ። ኋላ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ስትሆን፣ አቧራ የዋጣቸውን የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች እንደ ጢቾና ጮሌ ባሉ ወረዳዎች ያለ ሰውም በስልኩ በነፃ እንዲያነባቸው ልታደርግ ቆርጣ ተነሣች። ኃላፊዎችን ለምና፣ ጸሐፊዎቹን አስፈቅዳ፣ ከዓመታት ልፋት በኋላ ድረ ገጹ የሚመረቅበት ጠዋት ደረሰ።

አዳራሹን ከየወረዳው የመጡ እንግዶች ሞልተውታል። በስክሪኑ መጀመሪያ የሚታየው የተመራቂዋ የዳናዊት ጽሑፍ ነበር፤ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጎረቤት ተደብቀው ስለሚወስዱ የሲሬ ወረዳ ሴቶች የተጻፈ፣ የተሸለመ ሥራ። ሴቶቹ በምዕራፎቹ ውስጥ በቁጥር እንጂ በስም አይጠሩም፤ አባይነሽም ይህንኑ አይታ ነበር ያሳለፈችው። አሁን ሰዉ ቦታ ቦታውን እስኪይዝ ገጾቹን ስትገልጥ ምስጋናው ላይ ደረሰች። መምህራኑ፣ እናት አባት፣ ከዚያም፦ «የራሷን ምስጢር ሳትሰስት ላጫወተችኝ፣ ሲሬ መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት ላላት ለእትዬ አበባ…»

ቀና ብላ አየች። የሲሬ እንግዶች ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል።

«አቶ እንደሻው፣ ይህን ጽሑፍ አንከፍትም» አለች፣ ወደ ኃላፊዋ ጠጋ ብላ።

«ምን ነካሽ? ይከፈት ይከፈት እያልሽ መድረሻ ስታሳጪን ከርመሽ?»

«ምስጋናው ውስጥ ከታማሚዎቹ የአንዷ ስም አለ።»

«እሱን ዝለዪዋ። ሽፋኑን ብቻ እናሳያቸው።»

«እኛ ብንዘለው በስልካቸው ያገኙታል። ከዚያ በኋላ ማን እሷ ቤት ምሳ ይበላል?»

«እንግዳ ጠርቼ ባዶ ገበታ ላቅርብ? በይ ክፈቺ» አለና ወደ መድረኩ ወጣ።

አባይነሽ ጽሑፉን ከድረ ገጹ አነሣችው። እንደሻው ሲጫነው ስክሪኑ ላይ «አልተገኘም» የሚል ቃል ብቻ መጣ።

«እንደ ሰፈራችን ቧንቧ ነው፤ መስመሩ አለ፣ ውሃው የለም» አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ ሳቀ። የእንደሻው ፊት ደም መሰለ።

አባይነሽ ግን ኮሪደር ላይ ቆማ ዳናዊት ጋ ደውላ፣ የሴትዮዋ ስም ለምን ምስጋናው ውስጥ እንደገባ እየጠየቀቻት ነበር።

«አመስግኚኝ አላለችኝም፣ እትዬ አባይነሽ» አለች ዳናዊት። «ግን እንጀራዋን በልቼ፣ ጉዷን ሰምቼ፣ እንዴት ዝም ብዬ ልለፍ? ነውር መስሎኝ ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ። ስሟን አውጥተሽ እንደገና ላኪልኝ። እሷን ሄደሽ በአፍሽ አመስግኛት።»

«እሺ። ግን እኮ… ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጽፈው። የረዳንን ሰው በስሙ።»

አባይነሽ ስልኩን ዘግታ ወደ ቢሮዋ ሮጠች። ተመልሳ ስትገባ እንደሻው በሩ ላይ ጠበቃት።

«አዋረድሽኝ። አሁንስ ሌላውን እንክፈት?»

«ሁሉንም ዘግቼ ነው የመጣሁት።»

«ሁሉንም? አንቺ?»

«ምስጋናዎቹን አንብቤ እስክጨርስ» አለችና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች።