ሁለት ኳስ በአንድ በር

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ መሣሪያ ጓንት፣ ጨርቅና ሚዛን ነበር። አለቃዬ አቶ ታደሰ ሎተሪ ሲያወጡ ያረጁ ሰው ናቸው። ቁጥር የታተመባቸው ኳሶች የሞሉበት ሳጥን ፊቴ አስቀመጡና «እያንዳንዷን ጥረጊ፣ መዝኚ። ከሌሎቹ የከበደች ወይ የቀለለች ካገኘሽ ለኔ አምጪ» አሉኝ።

ማታ ወንድሜ «ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ቢለኝ «ኳስ ስመዝን» አልኩት። በሳቅ ሞተ። እኔ ግን ነገ እስኪነጋ ቸኩዬ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ አሃዝ አንድ የሚሽከረከር ሉል አለ፤ በውስጡ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ኳሶች ይገባሉ። ታዛቢዎች የኳሶቹን እሽግ ያያሉ፣ የሉሉ መዘውር ይዞራል፣ ከታች ባለችው ትንሽ በር አንድ ኳስ ይወጣል።

አቶ ታደሰ ስለ ሌላው ዓለም ሲያወሩ አፌን ከፍቼ ነበር የምሰማቸው። አንዱ አገር ሕፃናት ቁጥሩን በዜማ ይጠራሉ። ሌላው ጋ ኳሶቹን አየር እየናጠ ወደ ላይ ይተፋቸዋል። ሌላው ጋ ደግሞ ኮምፒውተር ለብቻው ያወጣዋል።

«እኛም ለምን በኮምፒውተር አናወጣም?» አልኳቸው።

«የኛ ሰው ካላየ አያምንማ! መዘውሩን ራሱ ካላዞረ ደግሞ እያየም አያምንም።»

እውነታቸውን ነው። እሳቸው ጡረታ ወጥተው እኔ የቡድን መሪ ከሆንኩ በኋላ እጣውን በየሰፈሩ እየዞርን ስናወጣ ይህንን በደንብ አየሁት። ከሁሉም የማልረሳው ጉለሌ፣ ከዊንጌት ከፍ ብሎ ባለው አዳራሽ ያወጣነው ነው።

ከመጀመራችን በፊት ጋሽ ዳና የሚባሉ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ መድረኩ ድረስ መጡ። አከራያቸው ቤቱን ልቀቁ ብሏቸዋል። «ልጄ፣ ዛሬ ካልወጣልኝ የሽመና ዕቃዬን የት እንደምተክል አላውቅም» አሉኝ። ምን ይባላል? «ይቅናዎት» አልኳቸው።

አንደኛው እጣ የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው። የመጀመሪያው አሃዝ ሲጠራ ጋሽ ዳና ብድግ አሉ። «አለኝ!» ሁለተኛው ሲጠራም «አለኝ!» አዳራሹ አብሯቸው መጮህ ጀመረ። አንድ አሃዝ ብቻ ሲቀር የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

አንዲት ተማሪ የመጨረሻውን መዘውር አዞረች። በሩ ሲከፈት ሁለት ኳስ ተያይዘው ወጡ፤ አራትና ዘጠኝ።

«አራት ናት! የኔ አራት ናት!» አሉ ጋሽ ዳና ቲኬታቸውን ከፍ አድርገው።

«አራት ቀድማለች! ይሰጣቸው!» አለ ሕዝቡ ባንድ ድምፅ።

የትኛዋ እንደቀደመች አላየሁም። ልቤ ግን አራት ብሎ ነበር፤ አልዋሽም። ማይኩን ያዝኩና «ሁለቱም ይመለሳሉ» አልኩ።

ጩኸቱ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ጋሽ ዳና ወደ እኔ መጡ። «ምን አደረግኩሽ ልጄ?»

«ጋሽ ዳና፣ የዘጠኟ ባለቤት እዚህ የለም። ለሱ ማን ይጩህለት?»

ቲኬታቸውን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «በቃ! ዝም በሉ! ትመልሳቸው።»

ተማሪዋ እንደገና አዞረች። አንዲት ኳስ ወጣች፤ ሰባት።

ጋሽ ዳና ቲኬታቸውን ደጋግመው አዩና ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው ብቻቸውን ማጨብጨብ ጀመሩ። እንባዬ መጣ። በጓንቴ ጠረግኩትና ጓንት መቀየር ግድ ሆነ።

ሲወጡ በር ላይ ካለው አዟሪ የሚቀጥለውን ሎተሪ ገዙ። «ይቺን ግን አንቺ እንዳታወጪብኝ!» አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

የሰባቷን ሽልማት ለመውሰድ ከሩቅ ከተማ የመጣችው አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ናት። እጣው የት እንደወጣ እንኳ አታውቅም። «ሰው ነበረ?» አለችኝ።

«አዳራሽ ሙሉ» አልኳት።

ለአዲስ ሠራተኞች የምነግራቸው ይህንን ነው። ሁለት ኳስ አብረው ከወጡ ሁለቱንም መልሱ። አዳራሹ ውስጥ ማን እንዳለ አትዩ።